አየር በሌለበት የሚበቅል ዘር

በካርቱም ከተማ አል-ጣኢፍ የሚባል ሰፈር አለ። ከጥቁር ዓባይ ብዙም አይርቅም። ይህ ወንዝ በየክረምቱ የሚያወርደው ደለል ከጎጃም፣ ከወሎና ከሌሎችም የኢትዮጵያ ደጋ አገሮች ተጠርጎ የሄደ አፈር መሆኑን በጂኦግራፊ ትምህርት ያልሰማ ተማሪ የለም። የአፈሩ ጉዞ ግን የጂኦግራፊ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አፈር ባለበት ሁሉ፣ በተለይም የከብትና የፈረስ ፋንድያ በሚበዛበት ስፍራ፣ በዓይን የማይታዩ የባክቴሪያ ስፖሮች አሉ። ከእነዚህም መካከል የመንጋጋ ቆልፍን፣ በሳይንስ ስሙ ቴታነስን፣ የሚያመጣው ባክቴሪያ ስፖር ይገኝበታል። በአል-ጣኢፍ አቧራ ላይ ኳስ የሚጫወት ልጅና በባሕር ዳር ሜዳ ላይ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ልጅ ሁለቱም ይህንን ስፖር ሲረግጡ ይውላሉ።

እንግዲህ አንድ ተማሪ ቢነሣና፣ «መምህር፣ የበሽታው ዘር በየመንገዱ ካለ፣ እኛም በየቀኑ የምንቧጨር ከሆነ፣ ለምን ሁላችን አንታመምም?» ብሎ ቢጠይቅ መልሳችን ምን ይሆናል? ሌላው ደግሞ ቀጥሎ፣ «በሽታውን የሚያመጣው የሚስማሩ ዝገት ነው ይባላል፤ እውነት ነው?» ይል ይሆናል። ጥያቄዎቹ የልጅ ጥያቄ ቢመስሉም የሳይንስ ሊቃውንትን ከ40 ዓመት በላይ ያደከሙ ናቸው። መልሱ ያለው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም በኦክሲጅን ላይ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መልሱ እንዴት እንደተገኘ በቅደም ተከተል መተረክና ለእኛ አገር የሚሰጠውን ትምህርት ማሳየት ነው። ጊዜው በዓ.ም. ካልተገለጸ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስፖር ምንድን ነው?

አንዳንድ ባክቴሪያዎች ምግብ ሲያጡ ወይም ኑሮ ሲከፋባቸው ሰውነታቸውን ጠቅልለው ወደ ስፖርነት ይለወጣሉ። ስፖር የባክቴሪያው ዘር ነው ለማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ከእህል ዘር የሚለይበት አንድ ነጥብ አለ። አንድ የባቄላ ተክል ብዙ ፍሬ ሲሰጥ፣ አንድ ባክቴሪያ ግን የሚሠራው አንድ ስፖር ብቻ ነው። ስለዚህ ስፖር የመብዣ ሳይሆን ክፉ ቀንን የማለፊያ ዘዴ ነው። ውስጡ ደረቅ፣ ልባሱም ድርብርብ በመሆኑ ሙቀትን፣ ድርቀትንና ብዙ ዓይነት ጀርም ገዳይ መድኃኒቶችን ይቋቋማል። በአፈር ውስጥም ለብዙ ዓመታት ተኝቶ መቆየት ይችላል።

የስፖርን አፈጣጠርና አበቃቀል መጀመሪያ በግልጽ ያስረዱት የጀርመን ሊቃውንት ፈርዲናንድ ኮህንና ሮበርት ኮኽ ናቸው። ሁለቱም ጥናታቸውን ያወጡት በ1876 ነበር። ኮህን የመረመረው በድርቆሽ ላይ የሚገኘውን ባክቴሪያ ሲሆን፣ ኮኽ ደግሞ የአባ ሰንጋን ባክቴሪያ ነው። በተከታዩ ዓመት እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው የአየርላንድ ተወላጅ ጆን ቲንዳል አንድ ጊዜ ማፍላት ስፖሮችን እንደማይጨርስ አሳየ። አፍልቶ፣ ቆይቶ፣ የተረፉት ሲበቅሉ እንደገና ማፍላት እንደሚያስፈልግም አስተማረ። ምክንያቱም ስፖር ብርቱ የሚሆነው እንደተኛ ብቻ ነው። ከበቀለ በኋላ እንደማንኛውም ባክቴሪያ ደካማ ይሆናል።

አየር የሚገድላቸው ፍጥረታት

ያለ አየር የሚኖር ፍጥረት አለ ብሎ ማን ይገምት ነበር? ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1861 የቅቤን ብስናት የመሰለ ሽታ ያለውን የቡቲሪክ አሲድ መፍላት ሲያጠና፣ አንዲት ጠብታ በማይክሮስኮፕ ሥር አድርጎ ተመለከተ። በጠብታዋ መካከል ያሉት ባክቴሪያዎች በብርታት ሲንቀሳቀሱ፣ አየር በሚነካት በጠርዟ በኩል ያሉት ግን ደርቀው ቆመዋል። ለሌላው ፍጥረት ሕይወት የሆነው አየር ለእነዚህ ጠላት ሆኖ ተገኘ። ፓስተር በ1863 ለሁለቱ ወገኖች ስም አወጣላቸው፤ አየር ፈላጊዎቹን ኤሮብ፣ ከአየር ሸሺዎቹን አናኤሮብ አላቸው። ዛሬም በባዮሎጂ መጻሕፍታችን የምንጠቀምባቸው ቃላት እነዚሁ ናቸው።

አየር ለምን ይገድላቸዋል? ለዚህ ጥያቄ ማክሊዎድና ጎርደን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1923 አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ኦክሲጅን ባለበት በሕዋሱ ውስጥ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚባል ጎጂ ነገር ይፈጠራል፤ አናኤሮቦች ደግሞ ይህን የሚያጠፋ ኤንዛይም የላቸውም የሚል ነበር። በ1971 አሜሪካውያኑ ማኮርድ፣ ኪልና ፍሪዶቪች ከኦክሲጅን የሚፈጠር ሱፐርኦክሳይድ የተባለ ሌላ ጎጂ ነገርና እርሱን የሚከላከል ኤንዛይም ጨምረው ሐሳቡን አሰፉት። ከዚያ ወዲህ ብዙ የተሻሻለ ቢሆንም፣ ኦክሲጅን ራሱ መከላከያ ለሌለው ሕዋስ መርዝ ነው የሚለው መሠረተ ሐሳብ ጸንቶ ቆይቷል።

ከአፈር ወደ ቤተ ሙከራ

የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ በጥንት ሐኪሞችም ዘንድ የታወቀ ነው። መንጋጋ ይቆለፋል፣ አንገት ይገተራል፣ ጀርባ እንደ ቀስት ይለጠጣል፣ በሽተኛው እስከ መጨረሻው ድረስ አእምሮውን አይስትም። መንስኤው ግን እስከ 1884 ድረስ አልታወቀም ነበር። በዚያ ዓመት ጣሊያናውያኑ ካርሌና ራቶኔ በበሽታው ከሞተ ሰው ቁስል የወሰዱትን ነገር ወደ ጥንቸሎች አስገብተው በሽታው እንደሚተላለፍ አረጋገጡ። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው አርተር ኒኮላየር ከየቦታው የሰበሰበውን አፈር ወደ እንስሳት አስገብቶ መንጋጋ ቆልፍ እንዳመጣባቸው አየ። በቁስሉ ውስጥም አንድ ባክቴሪያ አገኘ። ይሁን እንጂ ከሌሎች ባክቴሪያዎች ለይቶ ብቻውን ሊያሳድገው አልቻለም።

ይህን የፈታው በበርሊን በኮኽ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ጃፓናዊው ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ ነው። በ1889 ያደረገው ነገር ሁለት ቀላል እርምጃዎች ነበሩት። በመጀመሪያ የተደባለቀውን ናሙና በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሞቀው፤ ስፖር ያልሠሩት ሁሉ ሞቱ። ቀጥሎ አየሩን አስወጥቶ በምትኩ ሃይድሮጅን ሞላና የተረፉትን ስፖሮች አስቀመጠ። ስፖሮቹም በቀሉ። ከአንድ ዓመት በኋላ በ1890 ኪታሳቶና ኤሚል ፎን ቤሪንግ የበሽታው መርዝ በጥቂቱ የተሰጠው እንስሳ በደሙ ውስጥ ፀረ መርዝ እንደሚያበጅ፣ ይህም ሌላውን እንስሳ እንደሚያድን ገለጡ። የዛሬው የክትባት ሳይንስ ከዚህ ብዙ ተምሯል።

ስፖር ብቻውን አይገድልም

አሁን ወደ ተማሪው ጥያቄ እንመለስ። በ1891 እና በ1892 ፈረንሳውያኑ ቫያር፣ ቬንሳንና ሩዤ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ። የባክቴሪያውን መርዝ በሙቀት አጥፍተው ስፖሩን ብቻ ወደ ጤነኛ እንስሳ ሥጋ ቢያስገቡ እንስሳው አይታመምም። ያንኑ ስፖር ሥጋን ከሚጎዳ ነገር ጋር፣ ለምሳሌ ከላክቲክ አሲድ ጋር፣ ቢያስገቡ ግን እንስሳው ይሞታል። እነርሱ ምክንያቱ የነጭ ደም ሕዋሳት ስፖሩን መዋጣቸው ነው ብለው ደመደሙ። ይህ ከፊል እውነት ነበር፤ ሙሉው ግን አልነበረም።

የቀረውን እውነት ያወጣው ጦርነት ነው። በ1914 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወታደሮች በፈረስ ፋንድያ በዳበረ የፈረንሳይና የቤልጅግ የእርሻ መሬት ውስጥ ምሽግ ቆፍረው ተዋጉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከ1,000 የእንግሊዝ ቁስለኞች 8 ያህሉ በመንጋጋ ቆልፍ ይያዙ ነበር። ፀረ መርዝ ለቁስለኛ ሁሉ እንዲሰጥ ከተደረገ በኋላ ቁጥሩ በፍጥነት አሽቆለቆለ። ጉዳዩን በኃላፊነት ይከታተሉ ከነበሩት አንዱ ቀደም ሲል በዩጋንዳ የእንቅልፍ በሽታን ያጠናው ዴቪድ ብሩስ ነበር። እንዲሁ ከዩጋንዳ ጥናቷ ተመልሳ በለንደን ትሠራ የነበረችው ሙሪየል ሮበርትሰን በ1916 ከተቀቀለ ሥጋ የተዘጋጀ የባክቴሪያ ምግብ አስተዋወቀች። የተቀቀለው ሥጋ ኦክሲጅንን ስለሚቀንስ አናኤሮቦች ያድጉበታል። በዚያው ዓመት ማኪንቶሽና ፋይልድስ የተባሉ እንግሊዛውያን ሃይድሮጅን ከኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ ውኃ እንዲሆን በማድረግ አየርን የሚያስወግድ የተዘጋ ዕቃ ሠሩ።

ጥያቄውን ወደ ፍጻሜ ያደረሰው ይኸው ፖል ፋይልድስ ነው። በ1927 ባወጣው ጥናት የመንጋጋ ቆልፍ ስፖር በጤነኛ ሥጋ ውስጥ የማይበቅለው ደም የሚያመላልሰው ኦክሲጅን ስለሚከለክለው መሆኑን አስረዳ። ይህን በቁጥር ለመግለጽ ከናይት ጋር ሆኖ በ1930 ሌላ ጥናት አወጣ። የለኩት የኦክሲዴሽንና የሪዳክሽን ቮልቴጅ የሚባለውን ነው። ይህም አንድ ፈሳሽ ኤሌክትሮን ለመውሰድ ወይም ለመስጠት ያለውን ዝንባሌ የሚያሳይ መጠን ሲሆን፣ ኦክሲጅን ሲበዛ ከፍ፣ ሲያንስ ዝቅ ይላል። ስፖሮቹ የሚበቅሉት ይህ መጠን ከ0.11 ቮልት ገደማ በታች ሲወርድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በላይ ከሆነ ምግቡም ሙቀቱም ቢሟላላቸው እንደተኙ ይቀራሉ። የጤነኛ ሥጋ መጠን ከዚህ ወሰን በላይ ነው።

እንግዲህ የልጆቹ ጥያቄ መልስ አገኘ። ዝገቱ በራሱ በሽታ አያመጣም። ሚስማሩ ጠባብና ጥልቅ ቀዳዳ ይወጋል፤ አፈርና ስፖር ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ሥጋውን ይጨፈልቃል፤ ቀዳዳውም ከላይ ይዘጋል። በሞተው ሥጋ ውስጥ ደም አይዘዋወርም። በአካባቢው ያሉ ሌሎች ባክቴሪያዎችም የቀረውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል። ያን ጊዜ የተኛው ስፖር ይነቃል፣ ይበቅላል፣ መርዙንም ይሠራል። መርዙ በነርቭ በኩል ወደ ኅብለ ሰረሰር ወጥቶ ጡንቻ እንዲላላ የሚያዘውን መልእክት ያቋርጣል። ጡንቻዎች ሁሉ ተገትረው የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከፋይልድስ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ጉዳዩ ሁለት ደረጃዎች እንዳሉት አሳይተዋል። አንደኛው ስፖሩ ውኃ ስቦ ልባሱን መጣሉ ነው፤ ሁለተኛው ሕዋሱ ወጥቶ ማደጉና መባዛቱ ነው። በአንዳንድ የአናኤሮብ ዓይነቶች የመጀመሪያው ደረጃ አየር ባለበትም ሊጀመር ይችላል። ሁለተኛው ግን ኦክሲጅን ባለበት አይሳካም። ስለሆነም ለመምህር ልብ ሊባል የሚገባው፣ ኦክሲጅን የተኛውን ስፖር አይገድለውም፤ ወደ ሕይወት የሚወስደውን በር ዘግቶበት ይጠብቃል እንጂ።

አባ ሰንጋና አባ ጎርባ

ከብት አርቢው ወገናችን ሁለት የከብት በሽታዎችን በስም ለይቶ ያውቃል። ሁለቱም በስፖር አማካይነት በአፈር ውስጥ የሚቆዩ ናቸው፤ ከኦክሲጅን ጋር ያላቸው ግንኙነት ግን ተቃራኒ ነው። የአባ ጎርባ ባክቴሪያ አናኤሮብ ነው። ስፖሩ በጤነኛ ወይፈን ጡንቻ ውስጥ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። ጡንቻው በምት ወይም በሌላ ምክንያት ሲጎዳና ኦክሲጅን ሲያጣ ይበቅላል፤ ያበጠው ሥጋም በእጅ ሲዳሰስ በውስጡ ባለው ጋዝ ምክንያት ይንኮሻኮሻል። የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ግን ስፖር የሚሠራው አየር ሲያገኝ ነው። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት ሳይከፈት ቢቀር በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች በብስባሴው ይጠፋሉ። ሰው ሥጋውን ለመብላት ወይም ቆዳውን ለመግፈፍ ሲከፍተው ግን ደሙ አየር ያገኛል፤ ስፖርም ይሠራል፤ መስኩም ለብዙ ዓመታት ይመረዛል። «የሞተውን ከብት አትክፈቱ» የሚለው የእንስሳት ሐኪሞች ምክር መሠረቱ ይኸው ነው። ለሁለቱም በሽታዎች የሚሆን ክትባት በ1964 በተቋቋመው በቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ተቋም ሲመረት ቆይቷል።

ካርቱም፣ ጎንደርና አዲስ አበባ

ይህ ዕውቀት ወደ ዓባይ ሸለቆ የገባው በቤተ ሙከራዎች በኩል ነው። በካርቱም የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ በ1902 ሲከፈት የመድኃኒት ነጋዴው ሄንሪ ዌልካም የቤተ ሙከራ መሣሪያ ሰጠ። የመጀመሪያው ኃላፊ አንድሩ ባልፎር በወንዙ ላይ የሚንሳፈፍ ቤተ ሙከራ ጭምር ነበረው። በ1924 በዚያው ከተማ የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ጥቂት ቆይቶም የስታክ የሕክምና ምርምር ቤተ ሙከራ ሥራ ጀመረ። በእኛ በኩል በአዲስ አበባ በ1950ዎቹ የፓስተር ተቋም ይሠራ ነበር። ይህም ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለሚባለው ድርጅት ከመሠረቶቹ አንዱ ነው። በ1954 ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተቋቁሞ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታርያኖችን ወደ ገጠር መላክ ጀመረ።

እነዚህ ባለሙያዎች በየመንደሩ ያገኙት የመንጋጋ ቆልፍ በወታደር ቁስል ላይ ሳይሆን በአራስ ቤት ነበር። እትብት ሲቆረጥ የሚቀረው ጫፍ ደም የማይደርሰው፣ ቀስ በቀስ የሚሞትና የሚደርቅ ሥጋ ነው። ፋይልድስ በቁጥር የለካው ወሰን በዚህ ቦታ ያለ ሚስማርና ያለ ጥይት ይሟላል። በአፈር የተነካካ ምላጭ ከቆረጠው፣ ወይም ለማድረቅ ተብሎ እበት ከተቀባበት፣ ስፖሩ የሚፈልገውን ቤት አገኘ ማለት ነው። ሲወለድ ደኅና የነበረው፣ ጡትም የጠባው ሕፃን ከጥቂት ቀናት በኋላ መጥባት ያቅተዋል፤ ሰውነቱ ይገተራል። ብዙዎች እናቶች ይህን እንደ መንፈስ ምት ወይም እንደ ዕጣ ቆጥረው ሕፃናቸውን ቀብረዋል። የእናቶቹ ፍቅር አልጎደለም፤ ልጁን ለመጠበቅ ብለው ያደረጉት ነገር ለስፖሩ በር መክፈቱን የነገራቸው ግን አልነበረም።

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ1988 በመላው ዓለም 787,000 ያህል አዲስ የተወለዱ ሕፃናት በዚህ በሽታ ሞተዋል። መፍትሔው ግን ቀድሞ ታውቆ ነበር። ፈረንሳዊው ጋስቶን ራሞን በ1920ዎቹ መርዙን በፎርማሊንና በሙቀት አላልሞ የማይጎዳ ክትባት አድርጎት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህ ክትባት በተሰጣቸው የአሜሪካ ወታደሮች መካከል ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ከሆኑ ቁስልና ጉዳት የደረሰባቸው ሕሙማን ውስጥ በመንጋጋ ቆልፍ የተያዙት 12 ብቻ ነበሩ። በ1961 ደግሞ ከኒው ጊኒ የወጣ ጥናት ነፍሰ ጡር እናት ብትከተብ መከላከያው በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ሕፃኑ እንደሚያልፍ አረጋገጠ። በኢትዮጵያ የክትባት ፕሮግራም በ1980 ተጀመረ። ከ2003 ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት መሄድ ጀመሩ። በ2017 ኢትዮጵያ የእናቶችንና የአራስ ሕፃናትን የመንጋጋ ቆልፍ የኅብረተሰብ የጤና ችግር ከመሆን ማስወገዷ ተረጋገጠ። በመላው ዓለም በ2018 የሞቱት ሕፃናት ቁጥር ወደ 25,000 ገደማ ወርዶ ነበር።

ጎረቤታችን ሱዳን ግን በዚያን ጊዜ እዚያ ደረጃ አልደረሰችም ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ነዋሪው በብዛት ተሰደደ፤ ብዙዎችም፣ በዚያ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ጭምር፣ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ሰው ሲፈናቀል የክትባት ካርዱም ነፍሰ ጡሯ የምትከታተልበት ጤና ጣቢያም ወደ ኋላ ይቀራሉ። አፈሩ ግን የትም ቦታ ያው አፈር ነው።

ለመምህራን የሚሆን

ይህን ትምህርት በክፍል ለማሳየት የአፈር ባክቴሪያን በተዘጋ ዕቃ ማሳደግ ፈጽሞ አይገባም፤ አደገኛ ነው። በእህል ዘር ተቃራኒውን ማሳየት ግን ቀላል ነው። ጥቂት የባቄላ ፍሬዎች በእርጥብ ጥጥ ላይ ይቀመጡ። ሌሎች ጥቂት ፍሬዎች ደግሞ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ይግቡና ከላይ ዘይት ይፍሰስበት። ማፍላቱ በውኃው ውስጥ ያለውን አየር ያስወጣል፤ ዘይቱም አዲስ አየር እንዳይገባ ይከለክላል። ከጥቂት ቀናት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሲበቅሉ ሁለተኛዎቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ከዚያ ተማሪዎች፣ «የመንጋጋ ቆልፍ ስፖር ቢሆን ኖሮ የትኛው ዕቃ ይስማማው ነበር?» ተብለው ይጠየቁ።

በመጨረሻም ሦስት ነገሮች ከተማሪው ጋር ወደ ቤት ይሂዱ። አንደኛ፣ ጥልቅ ቁስል በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ አፈርና ጭቃ አይደረግበት፤ ባለቁስሉም ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሁለተኛ፣ እትብት በተቀቀለ ወይም ባልተነካ አዲስ ምላጭ ይቆረጥ፤ እበትም ሆነ ሌላ ባዕድ ነገር አይቀባበት። ሦስተኛ፣ ቀደም ሲል ያልተከተበች ነፍሰ ጡር እናት ቢያንስ 2 ጊዜ፣ በመካከሉ ቢያንስ የ4 ሳምንት ልዩነት አድርጋ ትከተብ፤ ሁለተኛውም ከመውለዷ ቢያንስ 2 ሳምንት ቀደም ብሎ ይሁን።

ፈንጣጣ ከዓለም ጠፍቷል፤ መንጋጋ ቆልፍ ግን እንደዚያ ሊጠፋ አይችልም። መኖሪያው ሰው ሳይሆን አፈር ነውና። ከበሽታው የዳነ ሰው እንኳ ካልተከተበ እንደገና ሊያዝ ይችላል። ስለሆነም እያንዳንዱ ትውልድ በየተራው መከተብና በየተራው መማር አለበት። የመጀመሪያው በጤና ባለሙያው እጅ ነው፤ ሁለተኛው በእኛ በመምህራን እጅ።